ኤክሴል ፎርም ላይ ያለው ዝርዝር እንዴት ነው የሚሠራው?

«ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ»፣ «አዋሳ»። ለሰው ሦስቱም አንድ ከተማ ናቸው። ለኤክሴል ግን ሦስት ከተማ ናቸው። አንድን መዝገብ ሦስት ሰዎች ተቀባብለው ሞልተውት «ከሐዋሳ ስንት ሰው አለን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ኤክሴል የሚሰጠው ቁጥር ከእውነቱ ያንሳል። ኤክሴል አልተሳሳተም። የተጻፈለትን ነው የቆጠረው።

ለዚህ ነው ፎርም የሚሠሩ ሰዎች ተጠቃሚው ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝር እንዲመርጥ የሚያደርጉት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮዱ ላይ ሲደርሱ ግን ብዙዎች የሚቸገሩት እዚሁ ጋ ነው። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። ስሞቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ «ሰርዝ» ሲባል ሌላ ሰው ይሰረዛል። ችግሮቹ የማይገናኙ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ግን ከአንድ ነገር ይመነጫሉ፦ ፎርሙ ላይ የሚታየው ዝርዝር የሺቱ (የኤክሴል ሠንጠረዥ ገጹ) መረጃ ራሱ ነው ወይስ ቅጂው ነው? ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው ሌላው አይከብደውም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ እድር የአባላት መመዝገቢያ ፎርም እየሠራ ነው እንበል። አባሉ ሲመዘገብ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ይመረጣል። ወርሃዊ መዋጮ የከፈሉትም ከስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል። የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው፤ ኮዱ ውስጥ ሲገቡ በላቲን ፊደል እንደሚጻፉ አትርሱ።

## ፎርሙ ራሱ ምንድን ነው?

ማክሮ ማለት ኤክሴል በራሱ እንዲፈጽመው ተጽፎ የተቀመጠ ትእዛዝ ነው። የሚጻፍበት ቋንቋ ቪቢኤ ይባላል። ቪቢኤ ኤክሴል ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው ዩዘር ፎርም የመጣው ከኦፊስ 97 ጋር ነው። ዩዘር ፎርም ከሺቱ በላይ የሚከፈት ትንሽ መስኮት ነው። የሚጻፍባቸው ሳጥኖች፣ የሚጫኑ ቁልፎችና ዝርዝሮች ይቀመጡበታል። ኦልትና ኤፍ 11ን አንድ ላይ ስትጫኑ ኤዲተሩ ይከፈታል። ከኢንሰርት ሜኑ ዩዘር ፎርም የሚለውን መርጣችሁ፣ ቱልቦክስ ከሚባለው ሰሌዳ የምትፈልጉትን እየጎተታችሁ ታስቀምጣላችሁ።

ዝርዝር ለማሳየት ሁለት ነገር አለ። ሊስት ቦክስ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ብዙ ስሞች በአንዴ ይታዩበታል። ኮምቦ ቦክስ ግን ተቆልቋይ ነው፤ ቀስቷን ስትጫኑ ይወርዳል። ቦታ ለመቆጠብና አንድ ነገር ብቻ ለማስመረጥ ኮምቦ ቦክስ ይሻላል። ተጠቃሚው ስሞቹን እያየ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ሊስት ቦክስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። ሺቱ ላይ በቀጥታ የሚቀመጡ ዝርዝሮችም አሉ፤ ስማቸውም ያው ሊስት ቦክስና ኮምቦ ቦክስ ነው። አንዱ ዓይነት ፎርም ኮንትሮል፣ ሌላው አክቲቭ ኤክስ ይባላል። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ አሠራራቸው አንድ አይደለም። ፎርም ኮንትሮል ከ1 ይቆጥራል፤ ምንም ካልተመረጠ 0 ይላል። ዩዘር ፎርም ላይ ያለው ከ0 ይቆጥራል፤ ምንም ካልተመረጠ ከዜሮ በታች 1 ይላል። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ኮድ «አንድ ሰው ወደ ታች እየዘለለ» ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ። አክቲቭ ኤክስ ደግሞ በኦፊስ 2024 ካልተፈቀደለት በስተቀር ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አዲስ ሥራ በእሱ ባትጀምሩ ይሻላል።

## ዝርዝሩ ከየት ነው የሚሞላው?

ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሮው ሶርስ የሚባለው ባህርይ (የዝርዝሩ ቅንብር) ነው። የሺቱን ስምና የሴሎቹን ክልል እዚያ ላይ ትጽፉለታላችሁ፤ ዝርዝሩ በቀጥታ ከሺቱ ያነባል። ኮድ አያስፈልገውም። ሁለተኛው በኮድ መሙላት ነው። አድ አይተም በሚባለው ትእዛዝ አንድ በአንድ መጨመር፣ ወይም ሊስት በሚባለው ባህርይ ሁሉንም በአንዴ ማስገባት ይቻላል።

ልዩነቱ ከባለሱቅ የዱቤ ደብተር ጋር ይመሳሰላል። ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ ቢያሳያችሁ የጻፈውን ታያላችሁ። ቁጥሩን ሲያስተካክል እናንተም እዚያው ታያላችሁ። ደብተሩ ላይ መጻፍ ግን አትችሉም። ገጹን በወረቀት ገልብጣችሁ ብትወስዱ ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ጨምሩበት፣ ሰርዙበት። የእሱ ደብተር ግን በዚያ አይነካም፤ እሱ በኋላ የሚጽፈውም እናንተ ወረቀት ላይ አይመጣም። ሮው ሶርስ ደብተሩን ማየት ነው። አድ አይተምና ሊስት ወረቀቱ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ነገሮች ሁሉ ከዚህ ይወጣሉ። በሮው ሶርስ የታሰረ ዝርዝር ላይ አድ አይተም ብትሉ ቪቢኤ ስህተት ቁጥር 70 አውጥቶ ፈቃድ እንደሌላችሁ ይነግራችኋል። ሰው ይህን ሲያይ ፋይሉ በፓስወርድ የተቆለፈ ይመስለዋል። የተቆለፈ ነገር የለም፤ በሰው ደብተር ላይ ልጻፍ እያላችሁ ነው። መፍትሔው ሮው ሶርሱን ባዶ አድርጎ በኮድ መሙላት ነው። በተቃራኒው ደግሞ በኮድ ከተሞላ ዝርዝር ላይ አንድ ስም በሪሙቭ አይተም ብታወጡ፣ አባሉ ከፎርሙ ላይ ይጠፋል እንጂ ሺቱ ላይ እንዳለ ነው። ፎርሙ ሲዘጋና ሲከፈት ተመልሶ ይመጣል። ከመዝገብ መሰረዝ ከፈለጋችሁ የሺቱን ረድፍ ለብቻ መሰረዝ አለባችሁ።

ሮው ሶርስ አንድ ጥሩ ነገር አለው። የዓምዶችን ርዕስ ከላይ የሚያሳየው ኮለም ሄድስ የሚባለው ባህርይ የሚሠራው ከእሱ ጋር ብቻ ነው፤ ርዕሱን የሚወስደው ከክልሉ በላይ ካለው ረድፍ ነው። በኮድ በሞላችሁት ዝርዝር ላይ ኮለም ሄድስን ብታበሩ ባዶ መስመር ብቻ ይመጣል። ርዕስ ካስፈለገ ከዝርዝሩ በላይ ሌብል (ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ሳጥን) ደርድሩ።

የሮው ሶርስ ድክመት ክልሉ ነው። እስከ 50ኛው ረድፍ ብላችሁ ጽፋችሁ 51ኛው አባል ቢመዘገብ ዝርዝሩ ላይ አይታይም። እድሩ ደግሞ ሁልጊዜ አባል ይጨምራል። ስለዚህ እኔ በኮድ መሙላቱን እመርጣለሁ፤ የመጨረሻውን የተሞላ ረድፍ ኮዱ ራሱ ይፈልግ፣ እስከዚያ ድረስ ያለውን ይውሰድ። የረድፍ ቁጥር የሚይዘውን ተለዋዋጭ (ኮዱ እሴት የሚያስቀምጥበትን ስም) ሎንግ በሚባለው ዓይነት አውጁት። ኢንቲጀር ከ32,767 በላይ አይዝም፤ የዛሬው ኤክሴል ሺት ግን 1,048,576 ረድፍ አለው።

በኮድ ስትሞሉም አንድ በአንድ ከመጨመር በአንዴ ማስገባት ይፈጥናል። የክልሉን ቫልዩ (ሴሎቹ የያዙትን እሴት) በቀጥታ ለሊስት ትሰጡታላችሁ፤ ሺህ ስምም ቢሆን ወዲያው ይሞላል። ሌላም ጥቅም አለው። በአድ አይተም የተሞላ ዝርዝር ከ10 ዓምድ በላይ አይቀበልም፤ በሊስት በአንዴ የገባ ግን ይህ ገደብ አይዘውም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ክልሉ አንድ ሴል ብቻ ሲሆን ኤክሴል የሚመልሰው ስብስብ ሳይሆን ነጠላ እሴት ነው፤ ሊስት ደግሞ ነጠላ እሴት አይቀበልም። ለወራት ደህና ሲሠራ የነበረ ፎርም አንድ ቀን ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ስም ብቻ ሲቀር የሚሰበረው በዚህ ነው። «አንድ ብቻ ከሆነ አድ አይተም፣ ካልሆነ ሊስት» የሚል አንድ ኢፍ ይበቃዋል።

## ስሞቹ ለምን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ?

ኮዱ የተቀመጠው የተሳሳተ ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ፎርሙ ሲከፈት ሁለት ክስተቶች (ኮድን በራሳቸው የሚያስነሱ አጋጣሚዎች) ይነሳሉ። ኢኒሻላይዝ ፎርሙ ወደ ማህደረ ትውስታ ሲገባ አንዴ ብቻ ይነሳል። አክቲቬት ግን ፎርሙ በታየ ቁጥር ይነሳል።

ፎርሙን የምትዘጉበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። ሃይድ ይደብቀዋል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ እንዳለ ይቆያል። አንሎድ ግን ጨርሶ ያወጣዋል። እንግዲህ መሙያውን አክቲቬት ላይ አስቀምጣችሁ ፎርሙን በሃይድ እየደበቃችሁ ብታሳዩት፣ በእያንዳንዱ መክፈቻ የአባላቱ ስም እንደገና ይጨመራል። ኢኒሻላይዝ ላይ ብታደርጉት ደግሞ ከተደበቀ በኋላ የተመዘገበ አዲስ አባል አይታይም።

የሚሻለው መሙያውን ራሱን የቻለ ፕሮሲጀር (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ማድረግ ነው። መጀመሪያ በክሊር ዝርዝሩን ያጸዳል፣ ከዚያ ይሞላል። ኢኒሻላይዝ ይጠራዋል፤ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍም ሥራውን ሲጨርስ ይጠራዋል።

## የተመረጠው ሰው ማን እንደሆነ ኮዱ እንዴት ያውቃል?

ሊስት ኢንዴክስ የተመረጠውን ተራ ቁጥር ይናገራል። የመጀመሪያው 0 ነው። ሊስት ካውንት በዝርዝሩ ውስጥ ስንት ስም እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ 40 ስም ካለ የመጨረሻው ተራ ቁጥር 39 ነው። ምንም ካልተመረጠ ሊስት ኢንዴክስ ከዜሮ በታች 1 ነው። ማንኛውም «አሳይ» ወይም «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ያረጋግጥ። ካላረጋገጠ ቫልዩ ባዶ እንኳን አይሆንም፤ ነል የሚባል «ምንም እሴት የለም» ማለት የሆነ ነገር ነው የሚመልሰው፤ ጽሑፍ ለሚይዝ ተለዋዋጭ ሲሰጥ ስህተት ቁጥር 94 ይመጣል።

አሁን አደገኛው ነገር ጋ ደረስን። ብዙ ኮድ የሺቱን ረድፍ የሚያገኘው በሊስት ኢንዴክስ ላይ 2 በመደመር ነው፤ አንዱ ለርዕሱ ረድፍ፣ አንዱ ለዜሮው። ዝርዝሩና ሺቱ በአንድ ቅደም ተከተል እስካሉ ድረስ ይሠራል። ጸሐፊው ስሞቹን በሀሁ ቅደም ተከተል የደረደረ ቀን፣ ወይም ፎርሙ ላይ ፍለጋ የተጨመረ ቀን ግን ይበላሻል። ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ የሆነው ሰው ሺቱ ላይ ሠላሳኛ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ሲጫን ኮዱ አይቆምም፣ ስህተትም አያወጣም። ዝም ብሎ ሌላ ሰው ይሰርዛል። የእድር መዝገብ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓመታት መዋጮ ሲከፍል የኖረ ሰው ችግር የደረሰበት ቀን ስሙ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል።

በስም ለይቶ መፈለግም አያዋጣም። እኛ ዘንድ አንድ ስምና አንድ የአባት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ እድር ውስጥ መገኘታቸው የተለመደ ነው።

መውጫው የአባል ቁጥር ነው። ሺቱ ላይ ለእያንዳንዱ አባል የማይደገም ቁጥር ስጡ። ዝርዝሩን ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ አድርጉት፤ ኮለም ካውንት የሚባለው ባህርይ ይህን ይወስናል። የመጀመሪያው ዓምድ የአባል ቁጥሩ፣ ሁለተኛው ስሙ፣ ሦስተኛው ስልኩ ይሁን። ከዚያ ኮለም ዊድዝስ በሚባለው ባህርይ የመጀመሪያውን ዓምድ ስፋት 0 አድርጉት። ቁጥሩ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ከዝርዝሩ አይጠፋም። ባውንድ ኮለምን 1 ስታደርጉት ተጠቃሚው ስም ሲመርጥ ቫልዩ የተደበቀውን የአባል ቁጥር ይሰጣችኋል። ኮዱ በዚያ ቁጥር ሺቱ ላይ ይፈልጋል። ዝርዝሩ እንዴትም ቢደረደር ሰውየው አይሳትም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባውንድ ኮለም ዓምዶችን ከ1 ነው የሚቆጥረው፤ ሊስትና ኮለም የሚባሉት ባህርያት ግን ከ0። ሊስት መጀመሪያ ረድፍ ከዚያ ዓምድ ይጠይቃል፤ ኮለም ደግሞ የተገላቢጦሽ። ሁለተኛው፣ ከዝርዝር የሚመጣው ቁጥር ጽሑፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ሺቱ ላይ ያለው 12 ቁጥር ከሆነ ፍለጋው «የለም» ይላችኋል። ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ ቁጥር ቀይሩት። ስልክ ቁጥርን ግን ሺቱ ላይ ራሱ ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ አስቀምጡት፤ ካልሆነ 09 የሚለው ዜሮ ይጠፋል።

## ክፍለ ከተማ ሲመረጥ ወረዳው እንዴት ይከተላል?

አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ እያንዳንዳቸው በወረዳ ይከፈላሉ። ወረዳዎቹ የሚጠሩት በቁጥር ስለሆነ «ወረዳ 03» የካም ውስጥ አለ፣ ቦሌም ውስጥ አለ። ስለዚህ ወረዳ ብቻውን የት እንደሆነ አይናገርም። ሁለቱ አብረው መመረጥና አብረው መቀመጥ አለባቸው።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ሺት ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፤ በአንዱ ክፍለ ከተማ፣ በሌላው ወረዳ። የክፍለ ከተማው ኮምቦ ቦክስ ሲቀየር ቼንጅ የሚባለው ክስተት ይነሳል። እዚያ ውስጥ ያለው ኮድ የወረዳውን ኮምቦ ቦክስ ያጸዳል፣ ሺቱን ከላይ እስከ ታች ይሄድበታል፣ ክፍለ ከተማው የተመረጠው የሆነበትን ረድፍ ሲያገኝ ወረዳውን ይጨምራል። እዚህም 03 ዜሮውን እንዳያጣ ዓምዱ ጽሑፍ ይሁን።

ማጽዳቱ የግድ ነው። ካልተጸዳ ተጠቃሚው ቦሌን መርጦ፣ ወረዳ መርጦ፣ ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ልደታን ሲመርጥ የቦሌው ወረዳ እዚያው ይቀራል።

የሚያስቸግረው ክስተቶቹ እርስ በርስ መቀሳቀሳቸው ነው። ወረዳውን በኮድ ስታጸዱት የወረዳው ቼንጅም ሊነሳ ይችላል፤ እዚያ ውስጥ ሌላ ኮድ ካለ እሱም ይሮጣል። ሰዎች ይህን ለማስቆም አፕሊኬሽን ኢኔብል ኢቨንትስን ያጠፋሉ፤ ከዚያ ለምን እንዳልሠራ ግራ ይገባቸዋል። ያ ትእዛዝ የሺቱንና የፋይሉን ክስተቶች እንጂ የዩዘር ፎርምን ክስተቶች አያስቆምም። በፎርሙ ኮድ አናት ላይ እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ አንድ ተለዋዋጭ አውጁ። መሙላት ስትጀምሩ እውነት አድርጉት፣ ስትጨርሱ ሐሰት። እያንዳንዱ ቼንጅ መጀመሪያ እሱን ይመልከት፤ እውነት ከሆነ ምንም ሳያደርግ ይውጣ።

ለሁለቱም ኮምቦ ቦክሶች ስታይል የሚባለውን ባህርይ ወደ ድሮፕ ዳውን ሊስት መቀየር አትርሱ። ሲመጣ ያለው ስታይል ተጠቃሚው ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ነገር እንዲጽፍ ይፈቅድለታል። ያ ክፍት ከተተወ ወደ ሦስቱ ሐዋሳዎች ተመለስን ማለት ነው።

## ብዙ ሰው በአንዴ መምረጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ ሊስት ቦክስ ላይ ብቻ። መልቲ ሴሌክት የሚባለውን ባህርይ መልቲ አድርጉት። ሊስት ስታይልን ወደ ኦፕሽን ስትቀይሩት ደግሞ በእያንዳንዱ ስም ፊት ምልክት የሚደረግባት ሳጥን ትመጣለች። ገንዘብ ያዡ በእድሩ ስብሰባ ቀን የከፈሉትን እየሰማ ምልክት ሊያደርግበት የሚችል ጥሩ መሣሪያ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ቫልዩ አይሠራም፤ ነል ብቻ ነው የሚሰጠው። ሊስት ኢንዴክስም የሚናገረው መጨረሻ የተነካውን እንጂ የተመረጡትን አይደለም። ከ0 እስከ ሊስት ካውንት ሲቀነስ 1 ድረስ እየሄዳችሁ ሴሌክትድ የሚለውን ለእያንዳንዱ መጠየቅ አለባችሁ። የተመረጡትን ከዝርዝሩ ማውጣት ከፈለጋችሁ ግን ከታች ወደ ላይ ሂዱ። ከላይ ከጀመራችሁ 5ኛው ሲወጣ 6ኛው ቦታውን ይይዛል፤ ኮዱ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ እሱን ይዘለዋል።

## አማርኛው ለምን የጥያቄ ምልክት ይሆናል?

የቪቢኤ ኤዲተር ዩኒኮድ (የዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ቁጥር የተሰጣቸውበት ሥርዓት) አይቀበልም። ኤክሴል ራሱ ይቀበላል፤ ሊስት ቦክስና ኮምቦ ቦክስም ይቀበላሉ። ኮዱ የሚጻፍበት መስኮት ግን በድሮው አሠራር ነው የቀረው፤ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። ስለዚህ አድ አይተም ብላችሁ «ቦሌ» ብትጽፉበት «??» ሆኖ ይቀራል። ፎንት መቀየር አያድነውም፤ ፊደሉ ገና ሲገባ ጠፍቷል።

መፍትሔው አማርኛውን ኮድ ውስጥ አለመጻፍ ነው። ክፍለ ከተሞቹን፣ የቁልፎቹን ስም፣ ለተጠቃሚው የሚነገሩትን መልእክቶች ሁሉ አንድ ሺት ላይ ጻፏቸው፤ ኮዱ ከሴሉ ያንብብ። ከሴል ወደ ዝርዝር ሲሄድ ፊደሉ ምንም አይሆንም። ፎንቱን ኢብሪማ ወይም ኒያላ ብታደርጉት ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፦ ኮድ የማያውቅ ጸሐፊ ሺቱ ላይ አንድ ቃል ቢያርም ፎርሙም አብሮ ይታረማል።

ሜሴጅ ቦክስ ግን ከሴል ቢያነብም አማርኛ አያሳይም፤ እሱም እንደ ኤዲተሩ ነው። «እባክዎ አባል ይምረጡ» ለማለት ፎርሙ ላይ አንድ ሌብል አስቀምጡና ጽሑፉን እዚያ ላይ አውጡ።

## ፍለጋው «ዓለም»ን እና «አለም»ን እንዴት አንድ ያድርጋቸው?

ዝርዝሩ ሲረዝም ከላይ የመፈለጊያ ሳጥን ያስፈልጋል። ተጠቃሚው ሲጽፍ ዝርዝሩ ይጸዳል፤ የተጻፈው ያለበት ስም ብቻ ተመልሶ ይሞላል። የአባላት ስም ግን እንደ ክፍለ ከተማ ከዝርዝር ተመርጦ የገባ አይደለም፤ ሲመዘገብ ሰው በእጁ የጻፈው ነው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ መዝግቦ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ አይገናኙም።

በዩኒኮድ ውስጥ ፊደሎቻችን በሥርዓት ስለተደረደሩ ይህ በትንሽ ሒሳብ ይፈታል። የእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በአስክ ደብልዩ ይገኛል፤ ከቁጥር ወደ ፊደል የሚመልሰው ደግሞ ሲኤችአር ደብልዩ ነው። የሐ ቤተሰብ ከሀ ቤተሰብ በ16 ይበልጣል፤ 16 ስትቀንሱ ሐ ሀ ይሆናል፣ ሑ ሁ ይሆናል። ኀ በ128 ይበልጣል። ሠ ግን ከሰ በ16 ስለሚያንስ ይደመርለታል። ዐ ከአ በ48፣ ፀ ከጸ በ8 ይበልጣሉ። ከዚህ በኋላ አንድ እርምጃ ይቀራል። «ዓለም» 48 ሲቀነስለት «ኣለም» ይሆናል እንጂ «አለም» አይሆንም። ስለዚህ ኣን ወደ አ፣ ሃን ወደ ሀ ቀይሩ። ይህን የሚያደርግ አንድ ፈንክሽን ጽፋችሁ የተፈለገውንም የተመዘገበውንም በእሱ አሳልፋችሁ አወዳድሩ። መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ግን አትንኩት፤ ሰው ስሙን እንደሚጽፈው ይቀመጥ። የምታስተካክሉት ለማወዳደር ያህል ብቻ ነው።

ፊደሎቹ በሀሁ ተራ ስለተሰለፉ በባይነሪ ማወዳደሪያ (ፊደሎችን በቁጥራቸው በሚያወዳድረው) የተደረደረ ዝርዝርም ያንኑ ተራ ይከተላል።

## ፋይሉን ለሌላ ሰው ስልክለት ለምን አይሠራም?

መጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት እዩ። ማክሮ ያለው ፋይል ኤክስ ኤል ኤስ ኤም ተብሎ መቀመጥ አለበት። በተለመደው ኤክስ ኤል ኤስ ኤክስ ካስቀመጣችሁት ፎርሙም ኮዱም አብረው አይቀመጡም።

ሁለተኛው ደህንነት ነው። በማክሮ ብዙ ቫይረስ ስለተሰራጨ፣ ማይክሮሶፍት ከ2022 አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጡ ፋይሎች ላይ ማክሮን መዝጋት ጀምሯል። ተቀባዩ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ አንብሎክ የሚለውን መምረጥ ይኖርበታል። ይህን የሚያደርገው ግን ላኪውን ለሚያውቀው ፋይል ብቻ ይሁን።

ሦስተኛው መሣሪያው ነው። ስልክ ላይ ያለው ኤክሴልና በብራውዘር የሚከፈተው ኤክሴል ቪቢኤ አያስኬዱም። ፎርሙ ጨርሶ አይከፈትም። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን የሚሞላው በስልኩ ከሆነ ፎርም መሥራት አይጠቅመውም። ለእሱ ሺቱ ላይ ዳታ ቫሊዴሽን የሚባለውን ተቆልቋይ ዝርዝር ሥሩለት፤ ስልክ ላይም ይሠራል። ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ጽሑፍ ግን አልፎት ስለሚገባ፣ በየጊዜው ዓምዱን ማየት ያስፈልጋል።